ሻይ በብስኩት ወይስ የበሶ ጭብጦ? ስለ ልጆች ጣፋጭ ቁርስ የኔ አቋም

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ ጠዋት ጣፋጭ ካልሆነ አይበላም። ብስኩት ካልሰጠሁት ባዶ ሆዱን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ምን ላድርግ?» የሚል ነው።

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ልስጥ። አሰራሩን ከታች ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አቋሜን ልንገራችሁ። ጠዋት ትንሽ ጣፋጭ ነገር መብላት በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ ስንት ስኳር እንደበላን ሳናውቅ መብላታችን ነው። ስለዚህ ጣፋጩን አንከልክል፤ ቤታችን ውስጥ፣ በገዛ እጃችን፣ ለክተን እንስራው።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። «ለልጅ ጠዋት ጣፋጭ ጨርሶ አይሰጥም፣ ምላሱ ይለምዳል» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ምላስ በእርግጥም ይለምዳል። ግን እንነጋገር ከተባለ፣ ቤት የከለከልነውን ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ሱቅ ይጠብቀዋል። እዚያ የሚገዛው ብስኩት ወይም ቦምቦሊኖ ምን ያህል ስኳር እንዳለው፣ የተጠበሰበት ዘይት ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ እኛም እሱም አናውቅም። መከልከል የቻልን ይመስለናል እንጂ ጣፋጩ ከዓይናችን ነው የራቀው።

እስቲ ሂሳቡን እንስራው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳር እንዲሁም ከማርና ከጭማቂ የሚያገኘው ጉልበት ከዕለት ጉልበቱ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው ይላል። በቀን 1,500 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 37 ግራም አካባቢ ነው፤ 5 በመቶው ደግሞ 19 ግራም ገደማ።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በብዙ ቤት ለልጅ ሻይ 3 ማንኪያ ይገባበታል፤ ይኼ 12 ግራም ነው። አሁን የብስኩቱን ፓኬት ገልብጡና አንብቡ። በ100 ግራም ውስጥ 25 ግራም ስኳር አለ ብሎ ከጻፈና ፓኬቱ 60 ግራም ከሆነ፣ ልጁ ሲጨርሰው 15 ግራም ስኳር በላ ማለት ነው። 12 እና 15 ሲደመር 27 ግራም። ልጁ ገና ሰርቪስ ሳይሳፈር 19ን አልፎ ወደ 37 እየተጠጋ ነው። የምሳ ዕቃው ውስጥ የገባውን ጭማቂ፣ ማታ ከሱቅ የሚገዛለትን ከረሜላ ገና አልቆጠርንም።

ፓኬት ስታነቡ ሌላም ልብ በሉ። የይዘት ዝርዝር ሲጻፍ በክብደት ብዙ የሆነው ይቀድማል። ስኳር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ከተጻፈ፣ ፊት ለፊት ላይ «በቫይታሚን የበለጸገ» ቢልም የያዛችሁት ጣፋጭ ነው። ቫይታሚኑ ስኳሩን አያስወጣውም።

ለምን በሶ?

አበበ ምን እንደበላ ፊደል ስንቆጥር የተማርን ሰዎች ነን፤ ግን ለልጆቻችን ብስኩት እንገዛለን! በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። እሳት ስላየ እንደገና ማብሰል አያስፈልገውም። ድሮ መንገደኛና ዘማች ስንቅ ያደረገው ለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ ቀስቅሶ፣ ዩኒፎርም አልብሶ፣ መብራት ጠፍቶበት ለሚሯሯጥ የከተማ ወላጅ ከዚህ የሚመች ነገር አላውቅም። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ የሚላክላችሁ በሶ ቁምሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሆናል። አውጡት።

ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የአሰር ዓይነት አለ። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ይወፍራል፤ የምግቡን መፈጨት ያዘገያል፤ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ለመቀነስም ያግዛል። በሶው ውስጥ የሚቀረው መጠን ግን እንደ ገብሱ ዓይነትና እንደ አዘገጃጀቱ ይለያያል። ስለዚህ «በሶ ኮሌስትሮል ያድናል» የሚል ፖስት ካያችሁ አትመኑ። በሶ ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒት አይደለም።

ጭብጦውን እንስራ (15 ደቂቃ፣ ያለ ምድጃ)

የሚያስፈልገው፦

- 1 ኩባያ በሶ (ባልትና ቤት ስትገዙ ስኳር ያልተቀላቀለበት መሆኑን ጠይቁ)
- 8 ትንንሽ ቴምር፣ ፍሬው የወጣለት
- 2 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ (ስኳር ያልተጨመረበት)
- 2 የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ
- ለብ ያለ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ
- ጨው በሁለት ጣት ቁንጥር

አሰራሩ፦

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጭብጦው ከዚህ በኋላ እሳት አያይም፤ ስለዚህ የእጃችሁና የውሃው ንጽሕና ወሳኝ ነው።
2. ቴምሩን በትንሽ ለብ ያለ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሲለሰልስ በሹካ ፍጩት። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ አትድፉት፤ ጣዕሙ እዚያ ነው።
3. የለውዝ ቅቤውንና ጨውን ጨምራችሁ አዋህዱት።
4. በሶውን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ እሹት። ከደረቀባችሁ የቴምሩን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ። አንዴ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ከቀረ በቅቷል።
5. የዶሮ እንቁላል አስኳል እያሳከላችሁ ጨብጡና ሰሊጡ ላይ አንከባሉት።

16 ገደማ ይወጣዋል። ጭብጦ የሚለው ስም ራሱ ከመጨበጥ የመጣ ስለሆነ ሥራውን ለልጆቹ ስጧቸው። ራሱ የጨበጠውን አልበላም የሚል ልጅ ብዙ አይገጥማችሁም። አባቶችም ብትሆኑ «እኔ ማብሰል አልችልም» የምትሉበት ነገር አይደለም፤ የሚበስል ነገር የለውማ!

አሁን ወደ ሂሳባችን እንመለስ። አንዱ ጭብጦ በግምት 50 ኪሎ ካሎሪ እና 2 ግራም ተኩል ያህል ስኳር አለው፤ እሱም ከቴምሩ የመጣ ነው። 3 ጭብጦ የበላ ልጅ 7 ግራም ተኩል ገደማ አገኘ ማለት ነው። ከፓኬቱ 15 ግራም ጋር አስተያዩት። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፤ ጽሑፉን ሳትጨርሱት ሊቀየር ይችላል። እናንተው አስሉት።

ጣፋጩ አንድ ይሁን

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ያዙ። ገበታው ላይ ጣፋጩ አንድ ነገር ይሁን። ጭብጦው ከጣፈጠ መጠጡ አይጣፍጥ። ጭብጦ ሰጥታችሁ ሻዩ ላይ 3 ማንኪያ ስኳር ካደረጋችሁ የሠራነው ሂሳብ ፈረሰ።

ሻይን ካነሳን ደግሞ፣ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘው ብረት በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። የደም ማነስ ላለበት ወይም ለሚያሰጋው ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁርስ ላይ ወተት ወይም ውሃ ስጡት። ሻዩ ካልቀረ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ።

ሌላው፣ ጭብጦ ብቻውን ሙሉ ቁርስ አይደለም። 3ቱ ተደምረው የሚሰጡት ፕሮቲን 4 ግራም ቢሆን ነው። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ግን 6 ግራም ያህል አለው። አቅም በፈቀደ እንቁላል ወይም ወተት ከጎኑ ይኑር። በጾም ቀን ደግሞ የለውዝ ቅቤው ትንሽ ይበርክት።

እነዚህን ሳታነቡ አትሥሩ

- ማር የምትመርጡ ከሆነ፦ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ሰውነትን የሚያዝል ከባድ መርዝ ያመነጫል። ለትልልቆቹም ቢሆን ማር ስኳር ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ወደ 6 ግራም ስኳር አለው። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «እንደፈለጋችሁ» ማለት አይደለም።
- ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፦ ድቡልቡልና የሚያጣብቅ ምግብ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ቆራርሳችሁ፣ አስቀምጣችሁ አብሉ። እየሮጠ የሚበላ ልጅ አይኑር። ሙሉ የለውዝ ፍሬም አትስጡ።
- ለውዝ፦ የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ለውዝ ጣሉት። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። ቆልተነዋል ብላችሁም አትተማመኑ፤ ቁላት ጨርሶ አያጠፋውም። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ ለውዙን ተዉት። ሰሊጥ የማይስማማቸውም ስላሉ መጀመሪያ በትንሹ ሞክሩ።
- የሴሊያክ ሕመም ያለበት ሰው ገብስ ውስጥ ግሉተን ስላለ ይህን መብላት የለበትም።
- የስኳር ሕመም ያለባችሁ፦ በሶ የተፈጨ እህል ነው፣ ቴምርም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። «ዶክተሩ ጤናማ ነው ብሏል» ብላችሁ 6 ጭብጦ እንዳትበሉ! ቴምሩን ቀንሱ፣ በ1 ወይም በ2 ተወሰኑ፣ መለኪያ ካላችሁ ከበላችሁ ከ2 ሰዓት በኋላ ስኳራችሁን እዩት። መድኃኒታችሁን ግን ከሐኪማችሁ ሳትነጋገሩ አትንኩ።
- ጥርስ፦ ቴምር ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ከበሉ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ደግሞ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ የግድ ነው።
- አቀማመጥ፦ ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌላችሁ የዕለቱን ብቻ ሥሩ። ደረቅ በሶ ብዙ ይቆያል፤ ውሃ የነካው ግን አይቆይም።

«ጊዜ የለኝም» ለምትሉ

እውነት ነው፣ የከተማ ጠዋት ያጣድፋል። ስለዚህ ጠዋት አትሥሩት፤ ማታ ዜና እያያችሁ ጨብጡትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ጠዋት የሚቀራችሁ ማውጣት ብቻ ነው።

በየቀኑ አድርጉትም አላልኩም። አንድ ቀን ጭብጦ፣ አንድ ቀን ቂንጬ፣ አንድ ቀን እንቁላል በዳቦ እያላችሁ አቀያይሩ። ጭብጦውን በደጋገማችሁ ቁጥር ደግሞ ቴምሩን አንድ አንድ እየቀነሳችሁ ሂዱ። ከ8 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 6። ምላስ ጣፋጭን እንደሚለምድ ሁሉ መቀነስንም ይለምዳል። ይህን ዕድል የተገዛ ብስኩት አይሰጣችሁም፤ ፋብሪካው ለእናንተ ልጅ ብሎ አንድ ማንኪያ አይቀንስም። እናንተ ግን ትችላላችሁ። የቤት ጣፋጭ ይሻላል የምለው መጠኑ በእጃችሁ ስለሆነ ነው።

ይህን ሳምንት ሞክሩትና ልጆቹ ምን እንዳሉ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በእናንተ አካባቢ ጭብጦ ሌላ አሰራር ካለው እሱንም አካፍሉን። ጠዋት ጠዋት ከልጁ ጋር በብስኩት ለሚጣላ ወላጅ ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና፣ መልካም ቁርስ!