ሥራው ተወዶ ሠሪው ሲዘነጋ

አንድን ጌጥ፣ ዜማ፣ ልብስ ወይም ዕቃ «ጉድ ነው!» እያሉ መቀባበል የተለመደ ሆኗል። ፎቶው ይታያል፣ ይደነቃል፣ ይታለፋል፤ ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራና ለምን እንደሚውል አይነገርም። የልማዱ ደጋፊዎች መገረም የዕውቀት መጀመሪያ ነው ይላሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኘው በከፋ ቅርሶች ላይ የደረሰው ነገር ግን ሌላ ያሳያል፤ በመገረም ብቻ የቀረ ሰው ያየውን ሳያውቀው ይሄዳል።

የከፋ ነገሥታት ዘውድ በግንባሩ ላይ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው የወንድ ብልት ምልክት አለው። ስለ ዘውዱ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ይኸው ነው። በኦሮሞና በኮንሶ የባህልና የእምነት መሪዎች ግንባራቸው ላይ የሚያስሩትን ከለቻ የሚያውቅ ግን በዘውዱ አይደናገርም፤ ሁለቱም የአባወራነትና የሥልጣን ምልክቶች ናቸውና። በ1897 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው የከፋ መንግሥት ሲያበቃ፣ ዘውዱ ወደ ዐፄ ምኒልክ ተወሰደ። ቀጥሎም በአማካሪያቸው በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ከአገር ወጥቶ፣ የተመለሰው በ1954 እ.ኤ.አ. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ቅርጹን ብቻ አውጥቶ የሚያሳይ ሰው የአንድን መንግሥት ውድቀት ከታሪኩ ቆርጦ ይጥላል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ግን በባለእጁ ላይ ነው። በከፋ የምትገኘው ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የቆመባት ከተማ ናት፤ ቡናም ያለ ጀበና አይፈላም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ፈጭታ ትነፋለች፣ በውሃ ለውሳ ታሸዋለች፣ አንገቱንና እጀታውን በጣቷ አበጅታ ታለሰልሳለች፣ አድርቃም በእሳት ትተኩሳለች። ጀበናው በየቤቱ ከሰው ፊት ይቀርባል። በአካባቢው ልማድ ግን ሸክላ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በንቀት ሲታዩ ኖረዋል፤ በአደን የሚታወቁት ማንጆዎችም ከሌላው ጋር በማዕድም በጋብቻም እንዳይገናኙ ተደርገዋል። ንቀቱ በከፋ ብቻ የነበረ አይደለም፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ጀበናውን አድንቆ የሠሪዋን ስም የሚተው ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን ያንኑ አሮጌ ንቀት ያስቀጥላል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ የሙዚቃው ዓለም አሳይቷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ያዘጋጀው «ኤትዮፒክስ» የተሰኘ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ቀድሞ እንደ ዐምሃ ሬከርድስ ባሉ አሳታሚዎች የወጡ ሙዚቃዎችን ለዓለም አሰማ። ሙዚቃው ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ስላልነበረ «ግኝት» መባሉ አይገባውም። የስብስቡ ትልቅ ዋጋ የዘፋኙን፣ የአቀናባሪውንና የአሳታሚውን ስም ከነዘመኑ አብሮ ማቅረቡ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ሥራ ለሌላ የሚያካፍል ሰው የሠሪውን ስም፣ ስሙ ካልታወቀም ማኅበረሰቡን፣ የተሠራበትን ቁስና አገልግሎቱን አብሮ የመናገር ግዴታ አለበት። ሠሪው በሕይወት ካለ ደግሞ ፈቃዱ ሊጠየቅ፣ ከሥራው ከሚገኘው ገቢም ድርሻው ሊሰጠው ይገባል። ይህ ያልተሟላበት ማካፈል፣ ተመልካቹ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ለባለሙያው አንዳች አይፈይድም።