የጃንሜዳ ልጆች አዳራሽ መጋራት አቃተን

ዘንድሮ እዚህ ሜሪላንድ በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ጥምቀት ተከበረ። በመኪና ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ሁለት ባሕረ ጥምቀት ተዘጋጀ፣ ሁለት ድንኳን ተተከለ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ተከራየ። እናት ከአንዱ ታቦት ፊት ሲያሸበሽቡ ልጃቸው ከሌላው ጋር የነበረችበት ቤተሰብ አውቃለሁ። ማታ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው በየስልካቸው ያነሱትን ቪዲዮ ተያዩ።

ይሄስ ይሁን፤ ለምደነዋል። እኔን ያንገበገበኝ ከበዓሉ በኋላ የሆነው ነው። የሁለቱ አጥቢያ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ አንድ ሃይ ስኩል የሚማሩ፣ እርስ በርሳቸው ተመካክረው አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በአንዱ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው ትንንሾቹን ሒሳብና እንግሊዝኛ ሊያስጠኑ። አረጋውያኑን ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ በስልክ በማስያዝ፣ ከኢንሹራንስ የመጣ ደብዳቤ በማንበብ፣ የዜግነት ፈተና ጥያቄዎችን በማለማመድ ሊረዱ። ገንዘብ አልጠየቁም። የአዳራሹን ቁልፍ ነው የጠየቁት።

ነገሩ ለሁለቱ ቦርዶች ቀረበ። በመጀመሪያው ስብሰባ ፍላየሩ ላይ የማን ስም ይቅደም የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዱ ወገን በምሥረታ እኛ እንቀድማለን አለ፤ ሌላው አዳራሹ የኛ ነው አለ። ከልጆቹ አንዷ እጇን አውጥታ፣ “ጋሼ፣ ታዲያ ስም ባይጻፍበትስ?” ብላ ጠየቀች። “ስም ከሌለውማ የማን ሥራ ሊባል ነው?” ተብላ ተቀመጠች። በሁለተኛው ስብሰባ የመክፈቻውን ጸሎት የትኛው አባት ያድርሱ በሚለው ሲከራከሩ መሸ። ሊበተኑ ሲሉ አንዱ፣ “ልጅ ወድቆ ቢሰበርስ ማን ሊጠየቅ ነው?” አለ። ከሁሉም ቁም ነገር ያለው ጥያቄ እሱ ነበር፤ ለኢንሹራንስ ወኪሉ አንድ ስልክ ቢደወል መልስ ያገኝ ነበር። የደወለ የለም። ሦስተኛ ስብሰባም አልተጠራም።

ልጆቹ የት ሄዱ? በሜሪላንድ ልጅ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚህ አንድ ተማሪ ከሃይ ስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት አለበት። ሥራው አምልኮ ያልሆነ ይሁን እንጂ ልጆቹ ያሰቡት ዓይነት ነገር በትክክል የሚፈለገው ነው፤ ቀሪው ወረቀት ሞልቶ ማስፈቀድ ነበር። እኛ ስላልሞላንላቸው አሁን ሰዓታቸውን የሚሞሉት አንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ለችግረኛ የሚታደል ቆርቆሮ ምግብ እየደረደሩ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ያሳድጋቸው። ግን እዚያው ሰፈር የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን የሚያነብላቸው አጥተው፣ ልጃቸው ከሁለተኛ ሥራው እስኪመለስ የሚጠብቁ እናቶች አሉን። አማርኛም እንግሊዝኛም የሚችለውን ልጅ ለሌላ ሰው ሰጥተን እናቶቻችንን ለብቻቸው አስቀመጥናቸው።

ስለ አረጋውያን ካነሣሁ አይቀር። ዕድሜው 55 የሞላና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው የዜግነት ፈተናውን በራሱ ቋንቋ መፈተን ይችላል። ስንቶቹ እናቶቻችን ይህን ያውቃሉ? “እንግሊዝኛዬ አይሆንም” ብለው በየአሥር ዓመቱ ግሪን ካርድ የሚያሳድሱ አሉ። በየሳምንቱ ማስታወቂያ ስንሰማ እንቆማለን፤ የራት ግብዣው፣ የጣሪያው እድሳት፣ የሞርጌጁ ቀሪ ዕዳ አንድ በአንድ ይነበባል። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ግን አልተገኘም። የዲሲ አስተዳደር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ዋና ዋና ቅጾቹን በአማርኛ ያዘጋጃል። የከተማው ጸሐፊ ለእናቶቻችን ያሰበውን ያህል እኛ አላሰብንም።

ድሮ ላለመተባበራችን ሰበብ ነበረን። አንዱ አጥቢያ የሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ አንዱ የውጭው፣ አንዱ ገለልተኛ ነበር። እሺ፣ ትልቅ ቁስል ነው፤ ካህናቱ አብረው ሳይቀድሱ ምእመኑ እንዴት አብሮ ይሥራ ብለን ተቀበልን። ከዚያ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አባቶች እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። የውጭው ሲኖዶስ ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከረጅም ስደት በኋላ ሀገራቸው ገቡ። እልል ብለን አለቀስን፤ ያን ቀን በዚህ ከተማ ያላለቀሰ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። በነጋታው ግን እኔ ከማውቃቸው አጥቢያዎች አንዱም ለጎረቤቱ ስልክ አልደወለም። ሲኖዶሱ አንድ ሆነ፤ የባንክ ሒሳቡ፣ የፓርኪንግ ቦታው፣ የሊቀ መንበሩ ወንበር ሁለት ሆኖ ቀረ። ኋላ ሀገር ቤት ጦርነት መጣና ሌላ አጥር ጨመረ፤ ያኛው ቁስል ገና ትኩስ ነውና እዚህ አልነካካውም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በአንድ ሲኖዶስ ሥር ያሉ፣ አንድ ጳጳስ የሚባርካቸው፣ ግንቦት ልደታን በአንድ ዓይነት ንፍሮ የሚያከብሩ ሁለት አጥቢያዎች ለአንድ ቅዳሜ መስማማት ሲያቅታቸው ጥፋቱን ሲኖዶስ ላይ መጣል ነውር ነው።

ይህን ስል የወንጌላውያን ወገኖቻችን ፈገግ እንዳይሉ። እነሱም ዘንድ አንድ መጋቢ ከአንድ ሽማግሌ ጋር በተጋጨ ቁጥር ከመንገዱ ማዶ አዲስ ጉባኤ ይከፈታል፤ አንዱ ጉባኤ የወጣቶች ካምፕ ባዘጋጀበት ሳምንት ሌላውም ያዘጋጃል፤ ሁለቱም ጋ ግማሹ አልጋ ባዶ ያድራል። በሽታው የጋራ ነው። ኳሱን እንኳ አላስተረፍነውም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 እዚህ አሜሪካ የተመሠረተው የስፖርት ፌዴሬሽናችን በ2012 ተሰንጥቆ አንዱ ውድድር ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን አልነበረም?

“ሃይማኖት አይቀላቀልም” የሚሉኝ አሉ። አይቀላቀልም፤ ማን ቀላቅሉ አላችሁ? ቅዳሴውን፣ ቁርባኑን፣ ስብከቱን እየቅል አድርጉት። የማባዛት ሰንጠረዥ ግን ሲኖዶስ የለውም። የደም ግፊት መድኃኒት ስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ለማንበብ ቀኖና አይጠየቅም። ደግሞስ ስንጀምር የት ነበርን? ብዙዎቹ አጥቢያዎቻችን የተጀመሩት ከሉተራኑ፣ ከሜተዲስቱ፣ ከኤፒስኮፓሉ ቤት በኪራይ፣ አንዳንዴም በነፃ በተሰጠ አዳራሽ ነው። ዕጣናችን መጋረጃቸው ውስጥ ገብቶ እየሸተታቸው፣ ከበሯችን እሑድ ጠዋት እየረበሻቸው ቻሉን። ባዕድ አዳራሹን ሲያካፍለን ሃይማኖታችን አልተቀላቀለም። የገዛ ወንድማችን ሲጠይቀን ነው ቀኖናው ትዝ የሚለን።

መተባበር አንችልም እንዳልል ቀብር ላይ አይቻችኋለሁ። ሰው ሲሞት ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ በአንድ ሌሊት ይጠራራል። አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ ገንዘቡ በሁለት ቀን ይሞላል፤ ወጥ የሚሠራው፣ ሰው ከኤርፖርት የሚያመጣው፣ ከኤምባሲ ወረቀት የሚያስጨርሰው ሳይመደብ ይመጣል። ማንም የማን ስም ይቅደም ብሎ አይጠይቅም። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የምንሰለፍ ሰዎች፣ በሕይወት ላለ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ሰዓት ስንከለክል ምን እንባላለን?

ሀገር ቤት እንዴት እንደነበር ረሳን እንዴ? በከተራ ታቦታት ከየደብራቸው ወጥተው ጃንሜዳ በአንድ ሜዳ ያድራሉ፤ ማንኛውም ደብር ሜዳው የኔ ነው አይልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥምቀትን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ይህንን አብሮ መውጣት፣ አብሮ ማደር ነው። ወጣቱስ? በዓሉ ከመድረሱ በፊት የየሰፈሩ ልጅ ገንዘብ አዋጥቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ባንዲራ ሰቅሎ፣ በዕለቱ ደግሞ ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነጠፈና እየጠቀለለ ላብ በላብ ሆኖ ይሮጣል። መጥረጊያ ይዞ የሚያግዘው ሙስሊም ጓደኛው አብሮት አለ። ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ያልረገጠ፣ እናቱ ተስፋ የቆረጠችበት ልጅ የዚያን ቀን የምንጣፉን ጫፍ ለመያዝ ይጋፋል። ማንም ስለ ወጣቶች ፕሮግራም ኮሚቴ አላቋቋመለትም። ሥራ ተሰጠው፤ ሥራውም ለሰፈሩ ሁሉ የሚታይ ነበር።

እዚህ ለዚያ ልጅ ምን ሰጠነው? ቤዝመንት ውስጥ ወንበር ሰጠነው። የማይገባውን ግእዝ ሦስት ሰዓት ሰምቶ ሲያበቃ ስልኩን ሲያወጣ ገሠጽነው። አማርኛው ሲሰባበር ሳቅንበት። በየዓመቱ ለሕንጻ ማሠሪያ በምናዘጋጀው ራት ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጥላ በጨረታ በብዙ ሺህ ዶላር ሲሸጥ አጨበጨብን፤ ያንን ጥላ አሥር ዓመት ቆይቶ ማን እንደሚይዘው የጠየቀ የለም። በአንድ ካውንቲ አራት አጥቢያ፣ አራት ሞርጌጅ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የተቆለፉ አራት አዳራሾች አሉን፤ ለአራቱም የሚሆን አንድ የወጣቶች አስተባባሪ ግን በደሞዝ መቅጠር አልቻልንም። አራቱ አዋጥተው ቢቀጥሩ ለእያንዳንዳቸው የአንድ ራት ግብዣ ወጪ እንኳ የሚደርሳቸው አይመስለኝም።

ሁሉንም በቦርድ ላይ ማላከክም አይገባኝም። ቦርዱን የመረጥነው እኛ ነን። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ግማሻችን ሥራ አለን ብለን እንቀራለን፤ የመጣነውም ሊቀ መንበሩ እንዳይቀየመን ዝም ብለን እጃችንን እናወጣለን። ከዚያ ፓርኪንግ ላይ መኪና ተደግፈን አንድ ሰዓት እናማለን። ቦርዱ የሚያውቀው ፓርኪንግ ላይ ያልነውን ሳይሆን ጉባኤ ላይ ያልነውን ነው፤ ጉባኤ ላይ ደግሞ ምንም አላልንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ ለሚወዳደር ሁሉ፣ ዘመዳችሁም ይሁን አበልጃችሁ፣ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ ከጎረቤት አጥቢያ ጋር በዚህ ዓመት ለልጆችና ለአረጋውያን በጋራ የምትሠራው አንድ ሥራ ምንድን ነው? የሥራውን ስምና የሚጀመርበትን ቀን ይናገር። “እናስብበታለን” ካለ እጃችሁን አታውጡ። ካወጣችሁ ግን ከእንግዲህ ልጆቻችን ከቤተ ክርስቲያን ራቁ እያላችሁ አታልቅሱብን፤ ያራቃቸው አሜሪካ አይደለም።