ባሕር የበላቸው ልጆቻችን ስም የት ተጽፏል?

ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል፣ ስካፓ ፍሎ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ በብርዱ ወራት ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያ ታግተው የነበሩ የጀርመን የጦር መርከቦች በእንግሊዝ እጅ እንዳይገቡ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1919 የራሳቸው ሰዎች አሰጠሟቸው። በአንድ ቀን 52 መርከቦች ሰጠሙ። አብዛኞቹ በኋላ ወጥተው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። ሰባት ትልልቅ መርከቦች ግን ዛሬም እዚያው ታች ተኝተዋል።

እነዚህን ለማየት ጠላቂ ዋናተኞች ከዓለም ዙሪያ ይመጣሉ። ውኃ የማያስገባ ልብስ ለብሰው፣ የአየር ጋን ተሸክመው፣ እስከ 45 ሜትር ድረስ ይወርዳሉ። ሲወጡ መቸኮል የለም። ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ እንዳይጎዳቸው እየቆሙ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚወጡት።

"ታዲያ ይህ ለሐራ፣ ለመርሳ፣ ለወልድያ ሰው ምኑ ነው?" ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ።

በዚያው ወሽመጥ ማንም ጠላቂ ያለ ፈቃድ የማይጠጋው አንድ መርከብ አለ። ሮያል ኦክ ይባላል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1939 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ሲሰጥም ከ800 በላይ ሰዎች አለቁ። ሕጉ ቦታውን እንደ መቃብር ያየዋል። በየዓመቱ የባሕር ኃይሉ ጠላቂዎች ወርደው ባንዲራውን ይቀይራሉ። የሟቾቹ ስም ደግሞ በመዝገብ ተጽፎ በከተማዋ ካቴድራል ተቀምጧል።

ሌላ ልጨምር። ቫሳ የተባለው የስዊድን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ወደብ ላይ ሰጠመ። ጠላቂዎች ከሥሩ እየቆፈሩ፣ ገመድ እያሾለኩ፣ በ1961 አወጡት። ውስጡ የሰው አጽም ተገኘ። ከእነዚህ አንዱን ለብዙ ዓመታት ወንድ ነው ሲሉ ቆይተው፣ በ2023 በዘረ መል ምርመራ ሴት መሆኗን አረጋገጡ። ልብ በሉ፤ ከ400 ዓመት በፊት የሞተች ሴት ናት። ዛሬም "ማን ነበርሽ?" ብሎ የሚጠይቃት አላት።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ።

ከሐራ በጭፍራና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን መንገድ እዚህ የማያውቅ የለም። ከአፋር በረሃ በኋላ ኦቦክ አለ። ከኦቦክ በኋላ ባሕሩ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ጅቡቲ ጎዶርያ አካባቢ ጀልባ ተገልብጦ ቢያንስ 38 ሰው ሞተ። በሁለት ሳምንት ልዩነት እዚያው አካባቢ ከየመን የሚመለሱ 77 ሰዎችን የጫነ ሌላ ጀልባ ሰጥሞ ከ20 በላይ ሞቱ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 260 ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን የጫነ ጀልባ የመን ዳርቻ ላይ ሰጠመ፤ በማግስቱ 49 ሞተዋል፣ 140 ጠፍተዋል ተባለ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አብያን በተባለው የየመን ግዛት ሌላ ሰጠመ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 68 ሞት ተነገረ፤ ቁጥሩ በኋላ ጨመረ። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ቁጥሩን ሁላችን ሰማን። ስማቸውን ግን ማን ነገረን?

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ሞት ወግ አለው። መርዶ ይነገራል፣ ቅሬው ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል። ክርስቲያኑ ፍትሐት ያስፈታል፣ ተዝካር ያወጣል። ሙስሊሙ አስከሬን ባይኖር እንኳ ሶላተል ጋኢብ አለው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን "ሞቷል" የሚል ሰው ሲገኝ ነው። ባሕር የበላው ልጅ ደግሞ መርዶ ነጋሪ የለውም። እናት ስልክ እያየች ዓመት ታስቆጥራለች። ሚስት ዒዳዋን ከየትኛው ቀን ትቁጠር? የርስቱ ነገር በምን ይለቅ? ደላላው "እስር ቤት ነው፣ ገንዘብ ላኩ" ቢል በምን ይታወቃል?

"በቀይ ባሕር ለሰጠመ የእንጨት ጀልባ ማን ጠላቂ ይልካል?" የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ከየጀልባው ሥር ጠላቂ ይውረድ አላልኩም። ግን የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ጣሊያን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ 368 ሰዎች ሲያልቁ፣ ጠላቂዎች ከ40 ሜትር በላይ ወርደው አስከሬን አንድ በአንድ አወጡ። በአፕሪል 2015 የሰጠመውን የስደተኞች መርከብ ደግሞ የባሕር ኃይሉ በዓመቱ ከ370 ሜትር ገደማ ጥልቀት አነሣው። የሚላን ሐኪሞች አስከሬኖቹን ሲመረምሩ ከአንድ የማሊ ታዳጊ ልብስ ውስጥ ተሰፍቶ የነበረ የትምህርት ቤት ካርድ አገኙ። ልጁ ውጤቱን ይዞ ነበር የሄደው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የሮያል ኦክን ሟቾች ያስታወቀው ጠላቂ አይደለም። ዝርዝር ነው። መርከቡ ከመስጠሙ በፊት ማን እንደተሳፈረ ተጽፎ ነበር። የእኛን ልጆች የሚጭን ጀልባ ዝርዝር የለውም፤ ደላላም አይጽፍም። ታዲያ ማን እንደተሳፈረ የሚያውቀው ማነው? እናቱ ናት። ጎረቤቱ ነው። አብሮት ወጥቶ ከመንገድ የተመለሰው ጓደኛው ነው። ስለዚህ ያ ዝርዝር ሊጻፍ የሚችለው ኦቦክ ላይ ሳይሆን እዚሁ ሐራ፣ መርሳና ወልድያ ላይ ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ቅሬ አንድ ደብተር ይክፈት። የልጁ ስም ከነአያቱ፣ ከቤት የወጣበት ቀን፣ ከማን ጋር እንደወጣ፣ መጨረሻ የደወለበት ቀንና ቦታ፣ የለበሰው ልብስ፣ ጠባሳው፣ ንቅሳቱ፣ ጥርሱ ይጻፍ። ወረዳው ሰብስቦ ለዞን፣ ዞኑ ለውጭ ጉዳይ ያድርስ፤ ጅቡቲ ያለው ኤምባሲያችን ከሚገኙት አስከሬኖች ጋር ያመሳክር። ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለውና እርሱም ይጠየቅ። አስከሬን ሲገኝ ደግሞ ከእናት የሚወሰድ ትንሽ ምራቅ ለምርመራ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታሰብ። ይህ ደብተር የፖሊስ መዝገብ መሆን የለበትም። ደላላን መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ቤተሰብ ይፈራል፤ ከፈራ አይናገርም፤ ካልተናገረ ደብተሩ ባዶ ይቀራል።

"ለሞተ ከመጨነቅ ያልሄደውን ማስቀረት አይሻልም?" የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱን አልለያቸውም። ሪያድ የደረሰው ልጅ ፎቶ ይልካል፤ ቤት ያሠራል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። የሰጠመው ፎቶ አይልክም። ስለዚህ ለመሄድ ያሰበው ጎረምሳ የሚያየው የደረሱትን ብቻ ነው። "38 ሰው ሞተ" የሚል ዜና ማንንም ከመንገድ አይመልስም። "ከእኛ ቀበሌ እነ እገሌ" ተብሎ ስም ሲነበብ ግን ልብ ይደነግጣል። ስም መጻፍ ለሞተው ክብር፣ ለቀረው ደግሞ ምክር ነው።

ሰሜኖቹ ከ400 ዓመት በፊት የሞተችን ሴት ማንነት ዛሬም ይጠይቃሉ። የእኛ ሟች እናቱ ገና በሕይወት አለች። ነገ ቅሬ የምትቀመጡ ሁሉ ይህን አጀንዳ አድርጉት። ለደብተሩ መግዣ የክልል በጀት አያስፈልገውም።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ። ለቅሬያችሁ ሰብሳቢና ለቀበሌያችሁ ሊቀመንበርም አድርሱልኝ።