የሞተር ልጓም ያለ ምክንያት አልተበጀም





ባሁኑ ጊዜ አንዳንድ ጋራዦች የመኪና ጉልበት እንጨምራለን እያሉ፥ ፋብሪካው በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ የወሰነውን ልክ ሲለውጡ ይታያል። እኔ የቢሮ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን የእኅቴ ልጅ በዕቁብ ብር የገዛትን ባለ ቱርቦ መኪና፥ አንዱ ጋራዥ «ልጓሟን ፈትተንልሃል» ብሎ ባስረከበው በአራተኛው ወር፥ ወደ አዳማ ሲወርድ ፒስተኗ ቀልጦ ተበሳ። ለማሠሪያው ብድር ዋስ የሆንሁት እኔ ስለ ሆንሁ ነገሩን ጠይቄ ለመረዳት ተገደድሁ።

የተረዳሁት ይህ ነው። ልክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሰዎች ተስማምተው ያቆሙት ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ለአገራቸው ገበያ የሚሠሩትን አውቶሞቢል ከ280 የፈረስ ጉልበት እንዳያሳልፉ ተስማምተው ነበር። እንዲህ ያለው ልክ ከፍ ቢል ብረቱ ይችለው ይሆናል።

ሌላው ግን የብረቱ የራሱ ልክ ነው። የሞተሩ ዙር የሚገታው፥ ከዚያ ካለፈ የቫልቩ ሞላ ቫልቩን በጊዜው ሊመልሰው ስለማይችል ነው። የቱርቦው ግፊት የሚወሰነውም፥ ሲበዛ ነዳጁ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ፒስተኑን ስለሚጎዳ ነው። በተለይም አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ያንኑ ግፊት ለሞተሩ ለመስጠት ቱርቦው ከቆላው አብልጦ መሽከርከር ይኖርበታል። ለባሕር ጠረፍ አገር የተሰናዳውን ቁጥር እንዳለ እዚህ መጫን፥ በሰው ዓይን ልክ የተሠራ መነጽር እንደ ማድረግ ነው።

ጉልበት መጨመር ፈጽሞ አይገባም አልልም። ዐዋቂ ሰው የነዳጁንና የአየሩን መጠን እየለካ፥ የሞተሩንም ማንኳኳት እየተከታተለ ሊያስተካክለው ይችላል። የምለው፥ ጋራዡ የትኛውን ልክ ከስንት ወደ ስንት እንደ ለወጠ ጽፎና ፈርሞ ለባለ መኪናው ይስጥ፤ የፋብሪካውንም የቀድሞ ቁጥር ሳያጠፋ ያኑርለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ ያሉት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ያ ወረቀት ከሽያጩ ውል ጋር ቢያያዝ፥ በዓመታዊውም ምርመራ ጊዜ ቢታይ፥ ገዢው የማያውቀውን ዕዳ ከመግዛት ይድናል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእኅቴ ልጅ መኪና ግን ተፈትታ የቀረች ሳይሆን ቆማ የቀረች ናት፤ ብድሩም ገና አላለቀም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ