ከመጣሉ በፊት ለጠጋኝ ይሰጥ

በአሶሳ፣ በባምባሲ፣ በኩርሙክ፣ በካማሺና በመተከል ለምትኖሩ ወገኖቼ፤

ከባሕር ማዶ የሚላክ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ገንዘብ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን እግሩ ስለተሰበረ ወንበር፣ ስለተቀደደ ፍራሽ፣ ስለሚያፈስ ጀሪካንና ስለተቃጠለ ምጣድ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ቤት ኪስ ይነካል፣ የከተማውን ጽዳት ይወስናል፣ ለወጣቱም እንጀራ ይሆናል። ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። አሶሳን የመሰለ ከመሃል አገር የራቀ ከተማ ሌላው የጣለውን የቤት ዕቃ አንስቶ ጠግኖ መጠቀምን የችግር ጊዜ መወጫ ብቻ አድርጎ ማየት የለበትም። ራሱን የቻለ ሙያ ነውና የመሥሪያ ቦታና ዕውቅና ሊሰጠው ይገባል። ርቀት ለብዙ ሥራ እንቅፋት ቢሆንም ለጠጋኝ ግን ገበያ ነው።

መጀመሪያ አዲስ አበባን እንመልከት። እዚያ አንድ ዕቃ ከቤት ሲወጣ የሚቀባበሉት ሰዎች አሉ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ብረታ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ይገዛል፤ ልዋጭ ባዩ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳህን ወይም ባልዲ ይሰጣል። የተሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ ተቀዶ ምድጃና አክንባሎ ይሆናል፣ የመኪናው ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፣ ሊታደስ ያልቻለው ብረት ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የገነባው መነሻ ገንዘብ የሌለው ሠርቶ አዳሪ ነው። ከእነዚህ እጆች ያመለጠው የት እንደሚደርስም አይተናል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው፣ ረጲ የሚገኘው የቆሼ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ እያቃጠለ 25 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታሰበ ተቋም ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ተመረቀ። አሶሳ እንዲህ ያለ ገንዘብ የላትም፤ እንዲህ ያለ የቆሻሻ ተራራም ገና አልቆለለችም። አስቀድሞ ማሰብ የሚቻለው አሁን ነው።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ስሌቱን የሚለውጠውም ይህ ነው። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ብዙ ስለሆነ ከአሶሳ ተጭኖ መሃል አገር ፋብሪካ እስኪደርስ ድረስ የጭነቱ ሒሳብ ከዋጋው አብዛኛውን ይበላዋል። ጠርሙስም ከባድ ነው፣ መንገድ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ፈጭቶ ወይም አቅልጦ እንደ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ፋብሪካ አጠገቡ ላለ ከተማ የሚመች መንገድ ነው። ጥገና ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከመሃል አገር የሚመጣ አዲስ ወንበር አሶሳ የሚደርሰው የፋብሪካው ወጪ፣ የጅምላ ነጋዴው ትርፍ፣ ነዳጁ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያና የቸርቻሪው ትርፍ ተደማምሮበት ነው። በወለጋ በኩል የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ችግር በተቋረጠባቸው ጊዜያት ደግሞ ዕቃው በሰዓቱ አለመድረሱም ተጨምሮበታል። እዚያው የተጠገነ ወንበር ይህን ሁሉ ወጪ ያስቀራል። አዲስ ዕቃ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይወደዳል፤ የጠጋኝ እጅ ግን እዚያው ስላለ የመንገድ ዋጋ አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ ይልቅ አሶሳ ላይ መጠገን ያዋጣል የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

«እኛ ደግሞ ምን የምንጥለው አለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በእናንተ ቤት ዕቃ በቀላሉ አይጣልም። ቢጫውን ጀሪካን ማየት ይበቃል። የምግብ ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ታጥቦ የውሃ መቅጃ ይሆናል፣ ሲሰነጠቅ በጋለ ብረት ፕላስቲክ እየቀለጠ ይደፈናል፣ ጥገናው አልይዝ ሲል አናቱ ተቆርጦ መዘፍዘፊያ ወይም የችግኝ ማፍያ ይሆናል፣ የመጨረሻው ቁራጭም ለሌላ ጀሪካን መድፈኛ ይውላል። ይህ ብልሃት ግን ከየቤቱ ግቢ አልወጣም፤ ብዙ ዕቃ የሚወገደው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ እንደመሆኗ ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታልና የእርዳታ ድርጅቶች አሉባት። በዙሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የሸርቆሌ፣ በ2012 የተከፈተው የባምባሲ የስደተኞች መጠለያዎች ይገኛሉ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ለገቡት ኡራ ላይ ሌላ መጠለያ ተከፍቷል። ለእነዚህ ሁሉ የሚገባው ጣሳ፣ ጆንያ፣ ሸራ፣ ጀሪካንና ምንጣፍ አገልግሎቱን ሲጨርስ የሚረከበው ሙያተኛ ያስፈልገዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል የሚከማቸውን ወንበር ደግሞ አስቡት። አብዛኛው የቢሮ ወንበር የሚወገደው ፈጽሞ ስለተበላሸ አይደለም። ብረቱ ደህና ሆኖ ስፖንጁ ያልቃል፣ ልባሱ ይላጣል፣ ወይም አንዲት ብሎን ትጠፋለች። ያንን ብረት አንድ በያጅ ቢያጠብቀው፣ መቀመጫውንና መደገፊያውን የቀርከሃ ሠራተኛ በሽመል ቢሠራለት፣ ከአዲስ የፕላስቲክ ወንበር የጠነከረ መቀመጫ ይወጣዋል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ በስፋት ከሚበቅልባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች ዋነኛው ነው፤ ቀርከሃ ሰንጥቆ የሚሠራ እጅም አላችሁ። የጎደለው ብረቱንና ቀርከሃውን የሚያገናኝ አሠራር ነው። የመሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረት በአንድ ጨረታ ተጠቅልሎ ከተሸጠ የሚገዛው ገንዘብና መኪና ያለው ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያዋጣው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ጭኖ መውሰድ ነው። ለምሳሌ ሃምሳ ወንበር በአሥር በአሥር ተከፍሎ ቢቀርብ ግን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም ይወዳደራሉ፣ ወንበሩም ወንበር ሆኖ ይቀጥላል።

ጊዜውም ወደዚሁ ይገፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ መግዛት የከበደው ቤተሰብ ያለውን ዕቃ ዕድሜ ለማራዘም ይገደዳል። በሌላ በኩል እናንተው ክልል፣ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። መብራት በየቤቱ በተዳረሰ ቁጥር የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ይከተላሉ፤ ኃይል ሲዋዥቅም ይቃጠላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንዳወጣች፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ግን ከሩብ በታች እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት አሳውቀዋል። የኤሌክትሪክ ዕቃው እናንተ ዘንድ መበላሸት ከመጀመሩ በፊት የምጣድ ሽቦ የሚቀይር፣ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሞላ፣ የቴሌቪዥን ቦርድ የሚመረምር ሰው በየወረዳው ማሠልጠን ብልህነት ነው።

«እናንተ በአዲስ ዕቃ እየኖራችሁ ለእኛ አሮጌውን ትመክራላችሁ፤ የሰው ጥራጊ ማንሳት ውርደት ነው» የሚል ወገን ይኖራል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። እኛ ያለንበት ዓለም የመጣል ልማዱን እንደ ስኬት የሚቆጥረው አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አሮጌ የቤት ውስጥ ዕቃ እንደወጣ፣ ከመቶ ሰማንያ እጁም በቆሻሻ መጣያ እንደተቀበረ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መዝግቧል። እዚህ ደረጃ የተደረሰው ጠጋኝ ሙያተኛው እየጠፋ፣ የጥገና ክፍያ ከአዲስ ዕቃ ዋጋ እየበለጠ ስለሄደ ነው። አሁን የጠፋውን ለመመለስ ሕግ ይወጣል፣ ገንዘብ ይፈሳል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2017 በብስክሌት፣ በጫማና በልብስ ጥገና ላይ የሚከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ25 በመቶ ወደ 12 በመቶ ዝቅ አድርጋ ነበር። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ ስልክና ቴሌቪዥን ያሉ ዕቃዎች ለጥገና ምን ያህል እንደሚመቹ የሚያሳይ ነጥብ ለገዢው እንዲታይ አስገድዳለች። እናንተ ያላችሁን ጠጋኝ ንቃችሁ እኛ የምንጸጸትበትን ልማድ ብትከተሉ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው መሆን ነው። ክብርም ቢሆን ያለው ከሥራው ጥራት ላይ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያቋቋመችው ሶልሬብልስ ከአሮጌ ጎማ ሶል እየሠራ ጫማውን ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ የበረባሶ ጥበብ ከብሯል እንጂ አልተዋረደም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጤና ነው፤ በዚህ ላይ መደራደር አያስፈልግም። በክልሉ በሰፋፊ እርሻዎች የሚረጨው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የመጣበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ውሃ፣ ዘይት ወይም ጠላ ሊያዝበት አይገባም፤ መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ተበስቶ ከጥቅም ውጪ መሆን አለበት። የመኪናና የሶላር ባትሪ በጓሮ መስበርና ማቅለጥም የልጆችን አእምሮ የሚጎዳውን የእርሳስ መርዝ ይበትናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት ከ10 ታዳጊ አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎች ተፈትሸው ከሲሶ በላይ የሚሆኑት አሳሳቢ መጠን ያለው እርሳስ ወደ ምግብ ሊለቁ እንደሚችሉ ተገኝቷል፤ ምንጩም አብሮ የሚቀልጠው የተደበላለቀ ቁርጥራጭ ነው። ስለዚህ ምንነቱ ካልታወቀ ብረት ድስት አይሠራ፣ ምድጃ ግን ይሠራ። ትኋን የገባበት ወይም ከሆስፒታል የወጣ ፍራሽ አይሸጥ። እነዚህን የሚከለክለውን መስመር ማስመር የሚቻለው ሥራው በግልጽ ቦታ ሲሠራ ነው። ጠጋኙ በየጓሮው ተደብቆ ከሠራ የጤና ተቆጣጣሪ አያገኘውም፤ በአንድ ረድፍ ከተሰበሰበ ግን ማስተማርም መቆጣጠርም ይቀላል።

«አሮጌ ዕቃ ከተንሰራፋ የአገር ውስጥ አምራች ገበያ ያጣል» የሚለው ስጋት ደግሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠይቃል። ከውጭ በቦንዳ የሚገባ ሰልባጅ ልብስ ሰፊውንና ሸማኔውን ሊጎዳ ይችላል፤ መንግሥት ያገለገለ ልብስ ለንግድ እንዳይገባ የከለከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የምለው አገር ውስጥ ያለ ዕቃ አገር ውስጥ እንዲጠገን ነው። አሶሳ ውስጥ የሚጠግነውም አዲስ የሚሠራውም ያው አናጢ፣ ያው በያጅ ነው፤ አዲስ ትዕዛዝ ባጣበት ወር ጥገናው ያቆየዋል። ለጥገና የተከፈለ ብር እዚያው ከተማ ውስጥ ይዞራል። በመተከልና በካማሺ በነበረው ግጭት ቤት ንብረታቸውን ያጡ፣ ጎጆ ከባዶ የሚጀምሩ ቤተሰቦችም አልጋ፣ ሳጥንና ምድጃ ባነሰ ዋጋ የሚያገኙት ከዚሁ ጠጋኝ ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የከተማ አስተዳደሮች ከገበያ ሳይርቁ፣ ውሃና መብራት ያለው አንድ የሼድ ረድፍ ለጠጋኞችና ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ስጡ፤ ንግድ ፈቃዱንም አቅልሉላቸው። መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች የምታስወግዱትን ንብረት በትንንሹ ከፍላችሁ በመጀመሪያ ለእነሱ አቅርቡ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጥገናን ከአዲስ ሥራ እኩል አስተምሩ። ለእኛ ለዳያስፖራዎቹም የማይሠራ ላፕቶፕና የተቀደደ ጫማ በስጦታ ስም መላክ ይብቃን፤ የምንልከው ተፈትኖ የሠራውን ብቻ ይሁን። ከዚያ ይልቅ መለዋወጫ፣ የመበየጃ መነጽር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያና አሠልጣኝ የምናዋጣበትን መንገድ እናብጅ። የመጀመሪያው ሼድ የሚቆምበትን ቦታ ወስናችሁ አሳውቁን፤ የመሣሪያው ወጪ የእኛ ድርሻ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በባሕር ማዶ የሚኖር ወገናችሁ