አስጎብኚዋም ትጎብኝ

ገና ሲቃረብ ዱባይ በሐበሻ እንግዳ ትሞላለች። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚበሩ ቤተሰቦች በመንገዳቸው እዚህ ወርደው ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታሉ። ልጆቹ የዓለምን ረጅሙን ሕንፃ ካላየን ይላሉ፤ ወላጆቹ ለዘመድ የሚሆን ዕቃ ይሸምታሉ። አንዳንዴም ከአዲስ አበባ አያት ወይም አጎት አራት ሰዓት ያህል በርረው ይመጡና ቤተሰቡ አገር ቤት ሳይገባ እዚሁ ተቃቅፎ ይላቀሳል።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ እዚህ አንድ ሰው አያጣም። ታናሽ እህት ትሆናለች፣ የአክስት ልጅ ወይም አብሮ አደግ የጎረቤት ልጅ። ሻርጃ ወይም አጅማን አልጋ ተከራይታ ዱባይ ትሠራለች፤ ካልሆነም ከማዳሟ፣ ከአሠሪዋ፣ ቤት ታድራለች። እንግዶቹ ገና ሳይነሡ ስልኳ ዕረፍት ያጣል። ሆቴል የትኛው ሰፈር ይሻላል? ሜትሮው ከኤርፖርት ያደርሳል ወይ? ወርቅ ዴራ ይረክሳል ወይስ ሻርጃ? ሁሉንም ትመልሳለች። ያቺን አንድ የዕረፍት ቀኗን፣ ኦፍ የምንላትን፣ ለእነሱ ትሰጣለች። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። በዚህ ሁሉ ጉብኝት ውስጥ ሳታይ የምትቀረው እሷ ናትና።

አጅማን እየኖርኩ ዱባይ ነው የምሠራው፤ እንግዳ ሲመጣ እኔም አብሬ እዞራለሁ። የማየው ነገር አይለወጥም። ገበያ ላይ ዋጋ የምትከራከረው እሷ ናት። ናይፍ ገበያ ውስጥ የተገዛው ሁሉ ክንዷ ላይ ይንጠለጠላል። እንቅልፍ የጣለውን ሕፃን የምትሸከመው እሷ፣ ማታ ሻንጣው ከተፈቀደው ኪሎ እንዳያልፍ እየከፈተች ዕቃ የምታሸጋሽገው እሷ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልጅ ስትጠብቅ፣ የሰው ቤት ስታጸዳ ትከርምና በዕረፍት ቀኗም ያንኑ ሥራ ለዘመዶቿ ትሠራለች። በፍቅር ነው የምታደርገው። እኛ ግን ፍቅሯን እንደ ግዴታዋ ቆጥረን ስንሄድ ልክ አይደለንም።

ባለፈው ታኅሣሥ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ዱባይ ሞል ገባን። ወደ ረጅሙ ሕንፃ፣ ወደ ቡርጅ ከሊፋ፣ የሚያስወጣው በር እዚያው ሞሉ ውስጥ ነው። አባትየው አራት ትኬት በስልኩ ቆርጧል፤ ለራሱ፣ ለሚስቱና ለሁለት ልጆቹ። እህቱ ፌስታሎቹንና የልጆቹን ጃኬት ተቀብላ ዳር ያዘች። ትንሿ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከሰልፉ ዞር አለችና በኮልታፋ አማርኛዋ፣

«አንቺ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«እኔማ ከታች ነው የማየው። ከታችም ያምራል።»

«ለምን?»

አክስቷ መልስ አልነበራትም። ግንባሯን ሳመቻትና «ሂጂ፣ ሰልፉ እንዳያልፍሽ» ብላ ሸኘቻት። እስኪመለሱ ስንጠብቅ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። ቡርጅ ከሊፋ በቀን፣ በማታ፣ በጭጋግ፣ መብራቱ በርቶ። ከፊቱ በየዓመቱ የመጡ ዘመዶች ቆመዋል። ፎቶ አንሺዋ ሁልጊዜ እሷ ስለነበረች እሷ ያለችበት የለም ማለት ይቻላል።

ወንድሟን ክፉ ሰው አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ጠይቋት ነበር። «እኔ እዚሁ ነኝ፣ ሌላ ቀን አየዋለሁ» አለችው፤ አመናት። ይህን መልስ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማዕድ ቀርቦ «በልቻለሁ» የሚል እንግዳ እንዴት እንደምንይዝ የታወቀ ነው፤ «በሞቴ» እንላለን፣ «አፈር ስሆን» እንላለን፣ ሳይጎርስ አንለቀውም። ለጉርሻ እንዲህ የሚማፀን ሰው ትኬት መቁረጫው ጋ ሲደርስ ለምን በአንድ «ይቅርብኝ» ይረታል?

ሌላ ቀን የሚባለው አይመጣም። ቤት ሠራተኛ የሆነች ያገራችን ልጅ ደመወዟ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ ድርሃም ብዙ አይርቅም። ወደ አገር ቤት የምትልከው ከዚያው ላይ ነው፤ አልጋ፣ ስልክ፣ ትራንስፖርትም ከዚያው። 828 ሜትር የሚረዝመው ያ ሕንፃ ከተከፈተበት ከ2010 ጥር ጀምሮ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሳንሰሩ ሰዎችን አንድ ደቂቃ ያህል በሚፈጅ ጊዜ 124ኛው ፎቅ ያደርሳል። የመውጫው ዋጋ ግን ለአንድ ሰው ከመቶ ድርሃም በላይ ነው። ለመዝናናት ብላ፣ ለብቻዋ፣ ያን ያህል ከደመወዟ ቆርሳ የምትወጣ ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም። ሎንዶን ብትሆን ኖሮ ብሪቲሽ ሙዚየምን ያህል ቦታ በነፃ ትገባ ነበር፤ እዚያ በጽዳት የሚተዳደረውም ሰው እሑድ ልጆቹን ይዞ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ለሚመጡትም ነገሩ ከብዷል። ድርሃም ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በአንድ ዋጋ ታስሯል፤ 3.6725 ድርሃም አንድ ዶላር ነው። ብር ደግሞ በ2024 ሐምሌ መጨረሻ ለገበያ ተለቀቀ። 16 ብር እንኳ የማይሞላው ድርሃም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ30 ብር አለፈ። ስለዚህ ዛሬ ዱባይን በርካሽ ማየት ለእህታችን ብቻ ሳይሆን ለእንግዶቹም የሚጠቅም እውቀት ነው። ደግሞ በእኔ ግምት የከተማዋ ምርጡ ክፍል ርካሹ ነው።

ክሪኩን ማለቴ ነው። ከባሕር ገብቶ ዴራንና ቡር ዱባይን የሚለያየውን ውሃ። አብራ የሚባለው የእንጨት ጀልባ በአንድ ድርሃም ያሻግራል። ተሳፋሪው መሐል ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣል። ነጂው ወለሉ መካከል ባለች ጎድጓዳ ውስጥ ከወገቡ በታች ገብቶ ቆሞ ይነዳል፤ ሳንቲሙን የሚሰበስበው በእጁ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይደርሰዋል። ናፍጣ ይሸታል። ጀልባዎቹ ሲጠጋጉ እንጨት ከእንጨት ይጋጫል፤ አዲስ የመጣ ሰው ደንግጦ አጠገቡ ያለውን ይይዛል። ያቺ ትንሽ ልጅ በማግስቱ እዚህ ስንመጣ የያዘችው የአክስቷን ቀሚስ ነው። አክስቷም ዘና ብላ ሳቀች፤ ይህን መንገድ ታውቀዋለች፣ እዚህ ላይ እሷ ባለቤት ናት።

በዴራ በኩል ትልልቅ የእንጨት መርከቦች ጎን ለጎን ታስረው ይታያሉ። ፍሪጅ፣ የመኪና ጎማ፣ ፍራሽ ተከምሮባቸዋል። ገሚሱ ወደ ኢራን ይሻገራል፣ ገሚሱ ወደ ሶማሊያ ወደቦች። በበርበራ በኩል የሚገባ ዕቃ ሲያይ ያደገ የጅግጅጋ ወይም የሐረር ሰው እዚህ ቢቆም ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል።

ልጆቹ ይህች ከተማ በነዳጅ ተአምር በአንድ ሌሊት የበቀለች ይመስላቸዋል፤ አዋቂዎቹም እንዲሁ። ከነዳጁ በፊት ኑሮው ዕንቁ ነበር። ሰዎች በሞቃቱ ወራት ባሕር ላይ ከርመው፣ አፍንጫቸውን ቆንጥጠው፣ በድንጋይ ክብደት እየጠለቁ ዛጎል ይለቅሙ ነበር። ከጠላቂዎቹ መካከል በባርነት ከምሥራቅ አፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ይህን ለልጆች መናገር ይገባል እላለሁ፤ በዚህ ባሕር ዳርቻ የእኛ አካባቢ ሰው ላቡን ማፍሰስ የጀመረው በኮንትራት ዘመን አይደለም። በ1930ዎቹ የዓለም ኢኮኖሚ ሲደቅና የጃፓን የእርባታ ዕንቁ ገበያውን ሲወስድ ያ ኑሮ ፈረሰ። የዱባዩ ገዢ ሼህ ራሺድ በ1950ዎቹ መገባደጃ ደለል የሞላውን ክሪክ ያስጠረጉት ከኩዌት በተገኘ ብድር ነው። ነዳጅ የተገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1966 ነው። ይህን ታሪክ ውሃው ላይ ተቀምጦ መስማትና 124ኛው ፎቅ ላይ ሆኖ ማሰብ ይለያያል።

ከጀልባው ወርዶ ትንሽ ከተራመዱ አል ፋሂዲ ሰፈር ይደረሳል፤ ከፋርስ የመጡ ነጋዴዎች የሠሯቸው፣ ንፋስ ከላይ ይዘው ወደ ክፍል የሚያወርዱ ማማዎች ያሏቸው ቤቶች። ኤሌክትሪክ ሳይኖር ይህን ሙቀት እንዴት ቻሉት ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ መልሱ ጣሪያው ላይ ነው።

ሻርጃ ስል ብዙ እንግዳ ፊቱ ይቀየራል፤ የሚያውቃት በትራፊኳ ነው። ዩኔስኮ በ1998 የአረቡ ዓለም የባህል መዲና፣ በ2019 ደግሞ የዓለም የመጽሐፍ መዲና ያላት ግን እሷን ነው። ባሕሩ ዳር ያለው የእስልምና ሥልጣኔ ሙዚየም ድሮ ገበያ የነበረ ሕንፃ ነው፤ መሐል ጉልላቱ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው በጠጠር ሥራ የተሣለ የሌሊት ሰማይ ከነከዋክብቱ ያያል። መግቢያው ጥቂት ድርሃም ነው። እኔ እዚያ ልጆች ይዤ ስገባ በ615 አካባቢ የመጀመሪያዎቹን ሙስሊም ስደተኞች የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ተሰዶ መጥቶ በሰው አገር መጠጊያ ማግኘት ምን እንደሆነ አጠገባቸው የቆመችው አክስታቸው ከእኔ በላይ ልታስረዳቸው ትችላለች። አል መሐጣ ሙዚየምም አይታለፍ። በ1932 የተከፈተው፣ ከሎንዶን ወደ ሕንድ የሚበሩ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ያርፉበት የነበረው የአገሩ የመጀመሪያው ኤርፖርት ነው፤ ማኮብኮቢያው ዛሬ መኪና የሚነዳበት ጎዳና ሆኗል።

አጅማን ከኤምሬትስ ሰባት ግዛቶች ትንሿ ናት። ገዢዎቹ እስከ 1970 የኖሩበት ምሽግ አሁን ሙዚየም ነው፣ ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ያለው አሸዋ ደግሞ የሁሉም ነው። ከሰዓት በኋላ እንጀራና ወጥ በሳህን ይዘው የሚቀመጡ ያገሬ ልጆች አይጠፉበትም።

በጥር ወር አካባቢ ለሚመጣ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የዱባይ ማራቶን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈበት ውድድር ነው፤ በ2008 የገባው በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነበር። ከእሱ በኋላም ድሉ አብዛኛውን የእኛው ልጆች ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ማየት አይከፈልበትም። ሰንደቅ ዓላማ ለብሰው፣ ከሌሊቱ ተነሥተው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ የሚጮኹት በአብዛኛው እነዚሁ ቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ናቸው። ከእነሱ መሐል ቆማችሁ እዩት።

አንዳንዷ ግን ለመውጣት ፈቃድ የላትም። በ2017 የወጣው የአገሩ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ሰጥቷታል፤ በ2022 የተተካው አዋጅም ይህን አላስቀረም። በተግባር ግን ወር እስከ ወር በር ሳታልፍ የምትቆይ አለች። የዘመድ መምጣት እዚህ ላይ ይጠቅማል። «እህቴ ከአሜሪካ መጣችልኝ» የሚለው ልመና ጨከን ያለችውን ማዳም ሲያለሳልስ አይቻለሁ፤ እንግዶቹ ራሳቸው ደውለው በአክብሮት ሲጠይቁ ደግሞ የበለጠ። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት «ኦፍሽ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። የሥራ ሳምንቱ በ2022 መጀመሪያ ከተቀየረ ወዲህ ዕረፍቱ ለብዙዎቹ እሑድ ነው።

እሑዷን እንዲህ አድርጓት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ከሆነች አብራችኋት ሂዱ። ቡርጅ ከሊፋ የግድ ከሆነ ፀሐይ መጥለቂያ ላይ ያለው ሰዓት ውድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል፤ ረከስ ያለውን ሰዓት መርጣችሁ ለእሷም ጨምራችሁ ቁረጡ፣ ሳትነግሯት። ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ማንም አይውጣ፤ ምሽት ላይ ከሕንፃው ሥር ያለው የውሃ ትርዒት በነፃ ነው። ከሰዓት በኋላ ክሪኩ ላይ እሷ ትምራችሁ፤ ፎቶውን ከእናንተ አንዱ ያንሣ። ገበያውን ለሰኞ አቆዩት። ሰኞ እሷ ሥራ ላይ ናት፣ ናይፍን ያለ እሷም አታጡትም።