ኮሶው የመናገሻ፣ ብሩ የማን?

ቲክቶክ ላይ "የሽፈራው ዱቄት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ 100% ተፈጥሯዊ" የሚል ማስታወቂያ ያላየ ሰው አለ? ሻጩ በማንኪያ እያሳየን ስኳርም ደም ግፊትም ያጠፋል ይለናል። ትልቁ ብር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከዕፅዋቱ ውስጥ ሰውነት ላይ ሥራ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለብቻው አውጥቶ፣ መጠኑን ለክቶ፣ እርጎ ወይ ዳቦ ውስጥ የሚጨምረው ነው የሚያተርፈው። ፈንክሽናል ፉድ የሚባለው ይሄ ነው፤ ከማጥገብ ያለፈ ጥቅም አለው ተብሎ የሚሸጥ ምግብ።

አሠራሩ ያን ያህል ምሥጢር የለውም። ቅጠሉ ወይ ፍሬው ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ከዛ ፈሳሹ እንዲተን ተደርጎ የሚቀረው ይወሰዳል። ከባዱ ነገር እያንዳንዱ ብልቃጥ እኩል መጠን እንዲይዝ ማድረጉ ላይ ነው። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኩዊኖን ለምሳሌ ከማሳ ማሳ ይለያያል። ላብራቶሪ ከሌለህ የምትሸጠው ዕድል ነው።

ለዚህ ታሪክ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰበታ በላይ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ የኮሶ ዛፍ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን የኮሶን አበባ የትል መድኃኒት አድርገው ፋርማሲ አስገቡት፤ ኬሚስቶቻቸውም ኮሲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጡለት። በነገራችን ላይ ኮሶ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። "ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" ለሚሉን ሰዎች ይድረስ።

የኮሶው ጊዜ ሕግ አልነበረም እንበል። ጤፍስ? በ2005 (እ.ኤ.አ.) የያኔው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ኤች ፒ ኤፍ አይ ከሚባል የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ፈረመ። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ስለዚህ ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ወርቅ ነው። ትርፉን ልንካፈል ነበር። ኩባንያው ግን በጎን አውሮፓ ውስጥ የጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ ፓተንት ጠይቆ በ2007 አገኘ። "ፈጠራው" ምን መሰላችሁ? ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ ሲፈጭ ዱቄቱ ጥሩ ይወጣል! ጎተራ ያለው ገበሬ ይስቃል።

በ2009 ኩባንያው ከሰረ፣ ውሉ ባዶ ሆነ፣ ፓተንቱ ግን እዛው ቀረ። ኢትዮጵያ በገንዘብ ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ አካባቢ ነው። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ሆላንድ ውስጥ የሻረው ራሱ ኢትዮጵያ ከሳ አይደለም፤ ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካሰው ነው። ደስ ብሎን ሼር ያደረግነው ድል የሌላ ሰው ጠብ ውጤት ነበር።

አሁን ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የጄኔቲክ ሀብታችንን ለመጠቀም የሚፈልግ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ እንደሚገባም ይናገራል። ወረቀቱ ላይ ቆንጆ ነው። ግን የጤፉም ውል ወረቀት ላይ ቆንጆ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥጥሩ ነው፤ ዘሩ በሻንጣ ወጥቶ፣ ንጥረ ነገሩ ፍራንክፈርት ላብራቶሪ ውስጥ ቢወጣ ማን ያውቃል?

ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ፋብሪካ አላነሳቸውም፤ ቢራውም ውሃውም ዘይቱም እዚያው ነው። ብልቃጡ ላይ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ አረጋግጦ የሚጽፍ አምራች ከዚሁ ሰፈር ቢወጣ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድን በጆንያ ልኮ በክኒን መልሶ መግዛት ይቀንስ ነበር። እስከዚያ ቲክቶክ ላይ የሚሸጥላችሁን ሰው ሁለት ነገር ጠይቁት፦ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስንት ነው? ብሎክ ካደረጋችሁ መልሱን አግኝታችኋል።